የጀርመን የከሰል ኮሚሽን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮሎኝ አካባቢ ስለምኖር ወዳጆችና ዘመዶች ስለ ከሰሉ ጉዳይ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መለስኩ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የከሰል ኮሚሽን የሚባለው ምንድን ነው?

የጀርመን ፌዴራል መንግሥት ጁን 6 ቀን 2018 ያቋቋመው የጥናት ኮሚሽን ነው። የተሰጠው ሥራ አንድ ነው፦ ጀርመን በድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጨቷን መቼና እንዴት ታቁም? ያኔ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከሦስት እጅ አንዱ ከከሰል ይመጣ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የአየር ብክለት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የደመወዝ፣ የፋብሪካ፣ የመንደር፣ የምርጫ ድምፅም ጉዳይ ነው።

ሙሉ ስሙ "የዕድገት፣ የመዋቅር ለውጥና የሥራ ስምሪት ኮሚሽን" ነው። ከሰል የሚለው ቃል ስሙ ውስጥ የለም። ሕዝቡ ግን ከመጀመሪያው "የከሰል ኮሚሽን" አለው፣ በዚያው ጸና። እኔ እንደሚመስለኝ ስሙ እንዲያ የወጣው ታስቦበት ነው። ከከሰል የሚኖር ሰው ጋ ሄዶ "ልንዘጋብህ ነው" ብሎ ወሬ መጀመር ያስቸግራል።

ጀርመን ውስጥ ከሰል አለ እንዴ?

ይህን የሚጠይቀኝ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ነው። አዎ፣ ሞልቷል። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጥልቅ ዋሻ ተቆፍሮ የሚወጣው ጥቁሩ፣ ጠንካራው ከሰል ነው። በምዕራብ ጀርመን ያሉት የሩር ከተሞች የተሠሩት በሱ ነው። የመጨረሻው ጉድጓድ ቦትሮፕ ከተማ የነበረው ፕሮስፐር ሐኒየል ሲሆን ዲሴምበር 21 ቀን 2018 ተዘጋ። ቆፋሪዎቹ የመጨረሻዋን የከሰል ቋጥኝ አውጥተው ለፕሬዚዳንት ፍራንክ ቫልተር ሽታይንማየር በእጃቸው ሰጧቸው። ኮሚሽኑ በርሊን ውስጥ ገና እየተከራከረ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ከሰል የሚያቃጥሉት ማመንጫዎች ከውጭ በሚመጣ ከሰል ነው የሚሠሩት።

ሁለተኛው ቡናማ ከሰል ነው፣ ሊግናይት የሚሉት። ይህ ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ስለሆነ ዋሻ አያስፈልገውም፣ ከላዩ ያለውን ሁሉ ገፎ ማውጣት ነው። ከላዩ ያለው ሁሉ ማለት እርሻው፣ መንገዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መቃብሩ ጭምር ነው። አንድ ቅዳሜ ጋርትስቫይለር የሚባለው ማውጫ ዳር ቆሜ አይቻለሁ። ማዶው በጭጋግ አይታይም። ታች የሚሠሩት ማሽኖች የልጅ መጫወቻ ይመስላሉ፣ ግን ትልቁ ቁመቱ 96 ሜትር ነው፣ በቀን 240 ሺህ ሜትር ኩብ መዛቅ ይችላል። እዚያ ከቆምኩ በኋላ ነው ሰዎቹ ለምን እንደሚጣሉ የገባኝ።

ቡናማው ከሰል ለምን ይበልጥ ይወገዛል?

ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ስለዚህ ብዙ ተቃጥሎ ጥቂት ኃይል ይሰጣል። አንድ ሜጋ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ለማግኘት ወደ 1 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። በጋዝ ቢሆን ከዚህ ግማሽ አይሞላም።

ሌላም ጣጣ አለው። እርጥብ ስለሆነ ሩቅ መጫን አያዋጣም፣ ማመንጫው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይሠራል። ማመንጫው ተዘጋ ማለት ጉድጓዱም ተዘጋ ማለት ነው። ጉድጓዱ ሲዘጋ ጥገና ቤቱ፣ ካፌው፣ አውቶቡሱ ሁሉ ይከተላል። የኮሚሽኑ ጭቅጭቅ ሁሌ ወደ ቡናማው ከሰል የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ኮሚሽኑ ውስጥ የተቀመጡት እነማን ናቸው?

ድምፅ የሚሰጡ 28 አባላት ነበሩ። ሊቀመንበሮቹ አራት ናቸው፦ የብራንደንቡርግ የቀድሞ መሪ ማቲያስ ፕላትሴክ፣ የዛክሰን የቀድሞ መሪ ስታኒስላቭ ቲሊሽ፣ በአንጌላ ሜርክል ጊዜ የመራሔ መንግሥቷ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩት ሮናልድ ፖፋላ፣ እና የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ ባርባራ ፕሬቶሪየስ። ሁለቱ ከከሰል ክልል መሪነት መምጣታቸውን ልብ በሉ።

ከነሱ ሌላ የኢንዱስትሪ ማኅበራት፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች፣ እንደ ግሪንፒስ ያሉ የአካባቢ ተሟጋቾች፣ የከሰል ከተማ ከንቲባ፣ ቤታቸው ሊፈርስ የተቃረበ አካባቢ ነዋሪዎችም ነበሩ። ለእኔ የዚህ ጥናት ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው። ብዙ አገር እንዲህ ያለ ጥናት ለባለሙያ ተሰጥቶ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እዚህ ግን ከሰሉን የሚያወጣው ሠራተኛ ወኪልና ከሰሉ ቤቱን የሚበላበት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠው ለሰባት ወር ተነጋገሩ።

በመጨረሻ ምን ተስማሙ?

መጨረሻው ስብሰባ ከ20 ሰዓት በላይ ፈጅቶ ጃንዋሪ 26 ቀን 2019 ሊነጋጋ ሲል አለቀ። 27 ለ1 ነው ያለፈው። ዋናው ነገር፦ የከሰል ኤሌክትሪክ ቢዘገይ ቢዘገይ በ2038 ያብቃ፣ ከተቻለ በ2035። እስከዚያ ደግሞ ደረጃ በደረጃ። በ2022 የቀሩት ማመንጫዎች አቅም 30 ጊጋ ዋት ይሁን፣ በ2030 ደግሞ 17 ጊጋ ዋት፣ ከዚህ ውስጥ ቡናማው 9፣ ጥቁሩ 8።

ከቀኑ ጎን ገንዘብ ተቀመጠ። ለከሰል ክልሎች በ20 ዓመት ውስጥ 40 ቢሊዮን ዩሮ። ዕድሜያቸው 58 ለሞላ የከሰል ሠራተኞች እስከ ጡረታ የሚያደርስ ክፍያ። ለኩባንያዎቹ ካሳ። ለመብራት ተጠቃሚውም ዋጋ እንዳይጨምርበት ድጎማ። በቡናማ ከሰል በቀጥታ የሚሠራው ሰው 20 ሺህ ገደማ ነበር። ተቺዎች "ለ20 ሺህ ሰው 40 ቢሊዮን?" ሲሉ ሰምቻለሁ። ገንዘቡ ግን ለነዚያ ሰዎች ኪስ አይደለም፣ ለባቡር፣ ለምርምር ተቋም፣ ለፋብሪካ ቦታ ነው። ቁጥሩን ለሰው ማካፈል ነገሩን ያዛባዋል።

2038 ለምን? ማን መረጠው?

ስምምነት ነው፣ የሳይንስ ስሌት አይደለም። የአካባቢ ተሟጋቾቹ 2030 ነበር የሚሉት። ኢንዱስትሪውና የምሥራቁ ክልሎች ከ2040 በኋላ ቢሆን ይመርጡ ነበር። መሀል ላይ ተገናኙ። የግሪንፒስና የሌሎቹ የአካባቢ ድርጅቶች ተወካዮች "አዎ" ብለው ድምፅ ሰጡ፣ ግን 2038 በጣም ዘግይቷል የሚል የተለየ አስተያየት በጽሑፍ አያያዙ።

እኔም ዘግይቷል ባይ ነኝ። ግን ያን ሌሊት ሳይስማሙ ቢበተኑ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ሳስብ፣ ቀን የሌለው ከሰል ቀን ካለው ይብስ ነበር። በ2021 ደግሞ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የአየር ንብረት ሕጉ ሸክሙን ወደ ወጣቱ ትውልድ ያሻግራል ብሎ ወቀሰ። መንግሥትም ከብክለት ነጻ እሆናለሁ ያለበትን ዓመት ከ2050 ወደ 2045 አመጣው። ያኔ 2038 ይበልጥ የዘገየ መሰለ።

"አይሆንም" ብለው ብቻቸውን ድምፅ የሰጡት ሴት ማን ናቸው?

ሐነሎረ ቮትኬ ይባላሉ። ቬልሶ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው የመጡት፣ ላውዚትስ በሚባለው የምሥራቅ ጀርመን የከሰል አገር። ላውዚትስ የሶርብ ሕዝብ አገርም ነው። ሶርቦች የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ስላቮች ናቸው፣ ጀርመን ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩ። በከሰሉ ምክንያት ላውዚትስ ውስጥ ከ130 በላይ መንደሮች በሙሉ ወይም በከፊል ጠፍተዋል። መንደር ሲነሳ ሰው ወደ አዲስ ሰፈር ይዛወራል፣ ቤትም ካሳም ያገኛል፣ ግን ቋንቋው በየአደባባዩ የሚነገርበት ሰፈር አብሮት አይዛወርም።

የሴትዮዋ ነጥብ ግልጽ ነበር። ሰነዱ ስለ ምዕራቡ የሐምባክ ጫካ አንድ ነገር ሲል፣ ላውዚትስ ውስጥ ሊፈርሱ ለተቃረቡ መንደሮች ዋስትና የሚሆን ቃል አልያዘም። ፕሮሺም የምትባለው መንደር ለምሳሌ የቬልሶ ማውጫ ሊሰፋባት በዕቅድ ተይዛ ነበር። 27 ሰው እጁን ባወጣበት ክፍል ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ ሰዓት ድካም በኋላ፣ ብቻቸውን "አይሆንም" አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጃንዋሪ 2021፣ ሌአግ የተባለው የከሰል ኩባንያ ማስፋፊያውን ተወው። ፕሮሺም ዛሬም አለች። ብዙ ሰው ስለ ኮሚሽኑ ሲያወራ 27ቱን ያነሳል፣ እኔ ግን ይቺን አንድ ድምፅ ነው ቶሎ የማስታውሰው።

የሐምባክ ጫካ ነገርስ?

ሐምባክ ከኮሎኝ ብዙም አይርቅም። ማውጫው ወደ 400 ሜትር ይጠልቃል፣ በጥልቀቱ አገር ያወቀው ነው። ዳር ላይ ያረጁ የኦክ ዛፎች ያሉበት ጫካ አለ። አብዛኛው ተመንጥሮ ያለቀ፣ የቀረችው ጥቂት ናት። ወጣቶች ለዓመታት ዛፍ ላይ ቤት ሠርተው ኖሩበት። ኮሚሽኑ ሥራ በያዘ በሦስተኛው ወር፣ ሴፕቴምበር 2018፣ ፖሊስ የዛፍ ቤቶቹን ማፍረስ ጀመረ። በዚያው ሰሞን ግርግሩን ሲቀርጽ የነበረ አንድ ወጣት ከከፍታ ወድቆ ሞተ።

ኦክቶበር 5 ሙንስተር ያለው የይግባኝ አስተዳደር ፍርድ ቤት ምንጠራውን አገደ። በማግሥቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሜዳው ላይ ወጣ። ኮሚሽኑ በሪፖርቱ ጫካው ቢተርፍ "የሚፈለግ ነው" የሚል ለስላሳ ቃል ጻፈ። ለስላሳ ቢሆንም ሠራ፣ ጫካው በኋላ ለማውጫው እንደማይቆረጥ ተወሰነ።

የኮሚሽኑ ሪፖርት ሕግ ነው? መንግሥት ሁሉንም ፈጸመ?

ሪፖርት ምክር ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ሕጉ የወጣው ጁላይ 3 ቀን 2020፣ ከሪፖርቱ አንድ ዓመት ተኩል ቆይቶ ነው። 2038ን ይዟል፣ የክልሎቹንም ገንዘብ ይዟል። በየጥቂት ዓመቱ ቀኑን ማስቀደም ይቻል እንደሆነ እንዲታይም ያዛል።

ያልተፈጸመም አለ። ግልጹ ምሳሌ ዳተልን 4 ነው። ኮሚሽኑ ተሠርተው ያልተጀመሩ ማመንጫዎች ሥራ እንዳይጀምሩ መክሮ ነበር። ዳተልን 4 ግን ሜይ 2020 ሥራ ጀመረ፣ 1,100 ሜጋ ዋት የሆነ አዲስ የጥቁር ከሰል ማመንጫ። የመንግሥት ምክንያት "አዲሱ ከአሮጌዎቹ ያነሰ ይበክላል፣ ባንከፍተው ደግሞ ካሳ ልንከፍል ነው" የሚል ነበር። ከአባላቱ አንዳንዶቹ ቃል ፈረሰ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። እኔ ከነሱ ጋር ነኝ። ሰው ሰባት ወር ተቀምጦ፣ ከየወገኑ ተወቅሶ የደረሰበትን ስምምነት መንግሥት እየመረጠ ሲወስደው፣ ቀጥሎ ለሚቋቋም ኮሚሽን ማን ልቡን ይሰጣል?

ለሚበክሉ ኩባንያዎች ካሳ ለምን ይከፈላል?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ ተናዶ ነው፣ ይገባኛል። መንግሥት በሕግ ፈቃድ የሰጠውን ማመንጫ ቀድሞ ዝጋ ሲል ፍርድ ቤት ሊከሰስ ይችላል። ጀርመን ደግሞ በኒውክሌር ጊዜ ይህ ደርሶባታል። ስለዚህ ለቡናማ ከሰል ባለቤቶች በድርድር 4.35 ቢሊዮን ዩሮ ተመደበ፦ እዚህ ኮሎኝ አካባቢ፣ በራይን በኩል፣ ከሰል ለሚያወጣው ለአርቬኤ 2.6 ቢሊዮን፣ ለላውዚትሱ ሌአግ 1.75 ቢሊዮን። ተቺዎቹ ብዙ ነው ይላሉ። ምክንያታቸውም ጥሩ ነው፤ ኩባንያዎች ለሚለቁት ለእያንዳንዱ ቶን የሚገዙት የብክለት ፈቃድ ዋጋ እየጨመረ ሲሄድ እነዚህ ማመንጫዎች ያለ ካሳም ይከስሩ ነበር።

ለጥቁር ከሰል ግን ሌላ መንገድ ተመረጠ፣ ጨረታ። "ለመዝጋት ስንት ትፈልጋለህ?" ተብሎ ባነሰ ዋጋ የመጣው ያሸንፋል። የካሳው ጣሪያ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል፣ ስለዚህ የሚዘገይ ይጎዳል። በመጀመሪያው ጨረታ ሐምቡርግ ያለው ሞርቡርግ አሸነፈ። በ2015 ነው ሥራ የጀመረው! ግንባታው በቢሊዮን የሚቆጠር ዩሮ የፈጀ ማመንጫ፣ ስድስት ዓመት እንኳ በደንብ ሳይሠራ ባለቤቱ "ዝጉልኝ" አለ። የከሰል ኤሌክትሪክ ገበያ የት እንደደረሰ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

40 ቢሊዮኑ እውነት ለሕዝቡ ደርሷል?

ከፊሉ አዎ፣ ከፊሉ ያከራክራል። ይህን ለመረዳት ላውዚትስ በ1990 ምን እንደደረሰባት ማወቅ ያስፈልጋል። በምሥራቅ ጀርመን ጊዜ በከሰሉ የሚሠራው ሰው ወደ 80 ሺህ ነበር። ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ሥራውን አጣ። ዕቅድ የለም፣ ቀን የለም፣ የሽግግር ገንዘብ እንዲህ የለም። ወጣቱ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ሄደ። ከዚያ አገር የመጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነበረኝ። "ክፍላችን ከነበርነው ልጆች እዚያ የቀረነው በጣት የምንቆጠር ነን" ይለኝ ነበር፣ እሱም በኋላ ኮሎኝ ገባ። እነዚህ ሰዎች "መዋቅራዊ ለውጥ" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሆዳቸው የሚባባው ለዚህ ነው።

አሁን የሚታይ ነገር አለ። ኮትቡስ ከተማ ላይ የጀርመን ባቡር ድርጅት ፈጣን ባቡሮች የሚጠገኑበት ትልቅ ወርክሾፕ ጃንዋሪ 2024 ተከፈተ። ሲሞላ 1,200 ሠራተኛ ይይዛል ተብሏል። በዚያው ዓመት የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ከከተማው ወጣ ብሎ አሮጌው ማውጫ ከ2019 ጀምሮ ውሃ ተለቅቆበት 1,900 ሄክታር የሚሆን ሐይቅ ሆኗል።

የሚያከራክረው፣ ገንዘቡ አንዳንዴ ከከሰል ጋር ለማይገናኝ ነገር መዋሉ ነው። ማዘጋጃ ቤቶች ዱሮም መሥራት የነበረባቸውን ሥራ በዚህ ገንዘብ ይሸፍናሉ የሚል ወቀሳ አለ። የፌዴራል ኦዲተሮቹም ገንዘቡ በእውነት አዲስ ሥራ ስለመፍጠሩ በቂ ክትትል የለም ብለዋል። ትክክለኛ ወቀሳ ነው። ወርክሾፑን ያየ ሰው ግን ከ1990ው ጋር አንድ ነው ሊል አይችልም።

የከሰሉ መዘጋት የመብራት ሂሳቤን ያስወድደዋል?

እዚህ ጀርመን ያላችሁ ሁሉ የምትጠይቁኝ ነው። ቤት ውስጥ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 40 ሳንቲም ነው የምንከፍለው፣ ከአውሮፓ ውድ ከሚባሉት ነው። ግን ሂሳቡን ገልጣችሁ እዩት። ትልቅ ድርሻ ያለው የመስመር ክፍያና ግብር ነው፣ ኤሌክትሪኩ ራሱ ከፊሉ ነው። በ2022 ዋጋው የናረው ደግሞ ከሰል ተዘግቶ ሳይሆን የሩሲያ ጋዝ ቀርቶ ነው።

ኮሚሽኑ ስጋቱን አውቆት ነበር፣ በዓመት ቢያንስ 2 ቢሊዮን ዩሮ ለዋጋ ማረጋጊያ ይመደብ ብሎ መክሯል። መንግሥት በዚያው መልክ አላደረገውም። ከጁላይ 2022 ጀምሮ ግን ለፀሐይና ለነፋስ ኃይል በየቤቱ ሂሳብ ላይ የሚጨመረው ክፍያ ቀርቷል፣ ከመንግሥት በጀት ይሸፈናል።

ኒውክሌሩን መጀመሪያ ከመዝጋት ከሰሉን አይቀድሙም ነበር?

ለአየር ንብረቱ ቢሆን የሚሻለው ከሰሉን መቅደም ነበር፣ ይህን መካድ አይቻልም። የኒውክሌሩ ውሳኔ ግን ከኮሚሽኑ በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው። ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ በ2011 ተወሰነ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ማመንጫዎች ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ተዘጉ። ኮሚሽኑ ሲቋቋም ስለ ኒውክሌር አልተጠየቀም፣ ያለውን እንዳለ ይዞ ነው የተነሳው። ለእኔ ይህ የጥናቱ ደካማ ጎን ነው። ከሰሉና ኒውክሌሩ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢታዩ ኖሮ ቅደም ተከተሉ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጦርነቱ ሲመጣ ከሰል ተመለሰ አይደል? ታዲያ ጥናቱ ምን ፋይዳ ነበረው?

ለጊዜው ተመልሷል፣ አዎ። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ስትወር ጀርመን ጋዟን ለክረምት ማትረፍ ነበረባት። የተዘጉና ተራ የደረሳቸው የከሰል ማመንጫዎች በሕግ ለተወሰነ ጊዜ እንዲመለሱ ተደረገ። ጊዜው ማርች 2024 ላይ አለቀ፣ ያኔ 15 ማመንጫዎች ባንዴ ቆሙ። ዛሬ የከሰል ድርሻ ከኤሌክትሪኩ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ድንገተኛው ችግር ሲያልፍ አገሪቱ የተመለሰችው ወደዚያው የጊዜ ሰሌዳ ነው።

በዚያው ቀውስ መሀል፣ ኦክቶበር 2022፣ መንግሥትና አርቬኤ በራይን አካባቢ ያለው ቡናማ ከሰል በ2038 ሳይሆን በ2030 እንዲያበቃ ተስማሙ። ጋርትስቫይለር ሊሰፋባቸው የነበሩ አምስት መንደሮች ተረፉ፦ ካይንበርግ፣ ኩኩም፣ ላይኛውና ታችኛው ቬስትሪሽ፣ ቤርፈራት። ሉትሰራት የምትባለው ግን ለስምምነቱ ተሰጠች። ጃንዋሪ 2023 በዝናብና በጭቃ ውስጥ ፖሊስ ተሟጋቾቹን አስወጥቶ ፈረሰች። ካይንበርግ ሄጄ አይቻታለሁ። አብዛኛው ሰው ካሳውን ወስዶ አስቀድሞ ስለወጣ ብዙ ቤት መስኮቱ በጣውላ ተዘግቷል። አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ግን አዲስ የተተከለ አበባ ነበር፣ መጋረጃውም ታጥቦ ተሰቅሏል። መንደሩ ተርፏል፣ ሰዉ ግን አልተመለሰም። ወረቀት ላይ መንደሩ ተረፈ ብሎ መጻፍና መንደሩ ውስጥ ሰው መኖሩ አንድ አይደለም።

ጀርመን ብትዘጋ ሌላው የአውሮፓ አገር በፈንታዋ አያቃጥለውም?

ይህ ብልህ ጥያቄ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የብክለት ፈቃድ በገበያ ይሸጣል፤ የሚበክል ሁሉ ለእያንዳንዱ ቶን ፈቃድ መግዛት አለበት። ጀርመን ማመንጫ ስትዘጋ የሚገዛ ሰው ይቀንሳል፣ ፈቃዱ ይረክሳል፣ ያኔ ሌላ አገር ያለ ፋብሪካ በርካሽ ገዝቶ ይበክልበታል። አንዱ ጋ ሲጫኑት ሌላው ጋ ይነፋል።

ኮሚሽኑ ይህን አይቶ ነበር። ሲዘጋ የሚተርፈው ፈቃድ ተሰርዞ ከገበያው ይውጣ ብሎ መከረ፣ ሕጉም ይህን ያስባል። ጋዜጦች ስለ 2038 ሲጨቃጨቁ ይቺ ትንሽ አንቀጽ ተረሳች፣ ግን ለእኔ ከቀኑ ያላነሰች ናት። እሷ ካልተፈጸመች የጀርመን መዝጋት ከፊሉ ለጎረቤት የተሰጠ ቅናሽ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምን ያገናኘዋል?

በኤሌክትሪክ በኩል ብዙም አያገናኘውም። የእኛ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፣ ሕዳሴው ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከሰል የሚፈልጉት የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ናቸው፣ ለምድጃቸው። ለረጅም ጊዜ ከደቡብ አፍሪካ በዶላር ሲያስመጡ ነበር፣ አሁን በአገር ውስጥ ከሰል ለመተካት ጥረት አለ።

የጀርመኖቹ ጥያቄ ወደ እኛ የሚመጣው ያዩ በተባለችው ቦታ ላይ ነው። ኢሉባቦር፣ ያዩ፣ ከመሬቱ ሥር ከሰል አለ። ከመሬቱ ላይ ደግሞ የዱር ቡና የሚበቅልበት፣ ዩኔስኮ በ2010 በባዮስፌር ጥብቅነት የመዘገበው ደን አለ። በከሰሉ ማዳበሪያ ሊያመርት የታሰበው ትልቅ ፕሮጀክት እዚያው ተጀምሮ ተቋረጠ። ከሰሉን ማውጣት ነው ወይስ አለማውጣት የሚለውን እዚህ አልፈርድም፣ አገሩ ሥራ ይፈልጋል። ግን እንደ ሐምባክ ከተመነጠረ በኋላ ከመከራከር፣ ቡና ለቃሚውም መሐንዲሱም የተቀመጡበት ጠረጴዛ ቀድሞ ቢዘረጋ እመኛለሁ።

2038 ይጸናል? ወይስ ቀድሞ ያበቃል?

በራይን በኩል 2030 በሕግ ገብቷል። ላውዚትስ ላይ ግን አሁንም 2038 ነው፤ ያንሽቫልደ የሚባለው ማመንጫ በ2028 መጨረሻ ይዘጋል፣ ቦክስበርግና ሽቫርትሰ ፑምፐ እስከ መጨረሻው ይቆያሉ ተብሎ ተይዟል። የምሥራቁ ክልል መሪዎች "ቃል ቃል ነው፣ ቀኑን አትንኩብን" ይላሉ። ከ1990 በኋላ ያዩትን ላየ ሰው ይህ ግትርነት አይደለም።

እኔ ከፖለቲከኞቹ ይልቅ የማየው የብክለት ፈቃዱን ዋጋ ነው። በ2017 ለአንድ ቶን 5 ዩሮ አካባቢ ነበር፣ ፌብሯሪ 2023 ላይ 100 ዩሮ ነካ። አንድ ሜጋ ዋት ሰዓት ለማመንጨት 1 ቶን የሚለቅ ማመንጫ በዚህ ዋጋ ምን ያህል ሊተርፈው እንደሚችል አስሉት። ፀሐይ በበዛበት የበጋ ቀን ደግሞ ቀትር ላይ የኤሌክትሪኩ ገበያ ዋጋ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ያን ሰዓት ቡናማ ከሰሉን የሚያቃጥለው ሰው እየከሰረ ነው የሚያቃጥለው።